አልጋ አለ፣ ሆቴል አይደለም

ታፔላው ከአሮጌ ቆርቆሮ የተቆረጠ ነው። በቀይ ቀለም «አልጋ አለ» ይላል። ከሥሩ፣ ቦታ ስላነሰ በጠበበ ፊደል፣ «ለጸበልተኛ» ተብሎ ተጨምሮበታል። አክስቴ በር ላይ ከአሥር ዓመት በላይ ተሰቅሎ ኖሯል። ሰኔ 2016 ዓ.ም. አንድ ጠዋት ሁለት ደንብ አስከባሪዎችና አንድ የወረዳ ሠራተኛ መጡና አወረዱት። ከዚያ በግቢው ካሉት ስድስት ክፍሎች አምስቱን አሸጉ። ስድስተኛዋ አክስቴ ራሷ የምትተኛባት ናት።

ጸበልተኞቹ ገና አልተመለሱም ነበር። አምስት ሰዓት ገደማ እርጥብ ነጠላቸውን ይዘው ሲደርሱ ልብሳቸውም፣ በሷቸውም፣ የአንዷ የስኳር መድኃኒትም ውስጥ ተቆልፎበታል። አክስቴ ወረዳ ድረስ ወርዳ፣ ለምና፣ አልቅሳ፣ ከሰዓት በኋላ እሽጉ ለአንድ ሰዓት ተነሣና ሁሉም ጓዙን አወጣ። ዘጠኝ ሰው ነበሩ። ሦስቱ እኛ ሳሎን አደሩ። የቀሩት የት እንዳደሩ አላውቅም።

ይህን የምጽፈው የአክስቴ ፎርም ሞይ ስለነበርኩ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወረቀት ይዤ የቢሮ ደረጃ ስወጣ ስወርድ ከረምኩ። ስለዚህ ገለልተኛ ነኝ አልልም። ግን ያመለከቱትን ጎረቤቶችም አውቃቸዋለሁ፤ አብሬያቸው ነው ያደግሁት፣ እውነትም ነበራቸው። የወረዳውንም የሰዎቹንም ስም ትቼዋለሁ።

ሰፈሩ ከመንገደኛ ነው የሚበላው

ሰፈራችን ከእንጦጦ ግርጌ ነው፤ ከተማው የሚያልቅበት፣ ባሕር ዛፉ የሚጀምርበት። ክረምት ላይ ጉሙ እስከ በራችን ይወርዳል። ፋብሪካ የለም፣ ትልቅ መሥሪያ ቤት የለም። ወደ ታች ሽሮ ሜዳ የሸማ ንግድ አለ፣ ወደ ላይ ተራራው አለ። ድሮ ብዙ እናቶች ከተራራው እንጨትና ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው እየወረዱ ነበር ልጅ ያሳደጉት። ሌላው የሰፈሩ እንጀራ ወደ ላይ የሚወጣው ሰው ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባት እንጦጦ ማርያም እዚያ ናት። ራጉኤል አለ፤ በዓሉ መስከረም 1 ስለሚውል አዲሱን ዓመት በኛ መንገድ ላይ የሚጀምረው ሰው ለጉድ ነው። የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት ስትነግሥ ደግሞ ባዶ ክፍል ፈልገህ አታገኝም። ጸበሉ ግን በዓል አይጠብቅም። ዓመቱን ሙሉ ሰው አለ።

ጸበልተኛ እንደ ሌላ እንግዳ አይደለም። ሰባት ቀን ይይዛል፣ ወይም ሁለት ሰባት፣ ካልተሻለው ይጨምራል። ከጎጃም ይመጣል፣ ከወሎ ይመጣል፣ ከቦሌም ይመጣል። ሌሊት አሥር ሰዓት ተነሥቶ በባዶ ሆዱ ይወጣል፣ ረፋድ ላይ ተመልሶ በሶውን በጥብጦ ይተኛል። የሚፈልገው ፍራሽ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ከሰል የሚያቀጣጥልበት ጥግ፣ መጸዳጃና የማትቆጣ ባለቤት ነው። አክስቴ በአራቱ ክፍል ሁለት ሁለት፣ በአምስተኛው አንድ አልጋ አላት። ዘጠኝ አልጋ። ያኔ ለአንድ ሌሊት 100 ብር ታስከፍል ነበር። ያጣ ካለ «ሲሻልህ ትልካለህ» ትለዋለች። አንዳንዱ ይልካል።

ይህ ዓይነት ማረፊያ ትናንት የተጀመረ አይደለም። በ1990ዎቹ ኤችአይቪ በደሙ ተገኝቶ ከቤቱ የተገፋ፣ መድኃኒትም ያልደረሰለት ስንትና ስንት ሰው ወደዚህ ጸበል መጣ። ሰፈሩ ውስጥ ጥግ ተከራይቶ ዓመት ሁለት ዓመት የቆየም ነበረ። መድኃኒቱ ከመጣ በኋላ ደግሞ «ጸበል የያዘ ክኒን አይውጥም» የሚል ክርክር ተነሣ፤ በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ እስኪናገሩ ድረስ ይህ ክርክር በየግቢው፣ በየአልጋው ጠርዝ ላይ ነበር። አክስቴ መጀመሪያ አልጋ የዘረጋችው በዚያ ዘመን ነው። ታፔላው በኋላ ነው የመጣው። ያኔ ማንም ፈቃድ አልጠየቃትም። እንዲያውም ማደሪያ ያጣ በሽተኛ ሲገኝ ቀበሌው ራሱ ነበር ወደ እሷ የሚልከው።

ፓርኩ ሲከፈት

እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ተከፈተ። 1,300 ሄክታር ነው። መንገዱ ተሠራ፣ ካፌው መጣ፣ ፈረስ ግልቢያው መጣ፣ በገመድ መንሸራተቻው መጣ። ቅዳሜና እሑድ የመኪናው ሰልፍ ጀመረ። ከተራራው እንጨት ይለቅሙ የነበሩ አንዳንድ እናቶች ፓርኩ ውስጥ ሥራ አገኙ፣ ሰፈሩም ተነቃቃ። ይህን ልክደው አልችልም።

ጎረቤታችን፣ ልጆቻቸው ሁሉ ውጭ ናቸው፣ ባለ አራት መኝታ ቪላቸውን ፈርኒሽ አስደርገው በደላላ በኩል ቴሌግራም ላይ አወጡት። ማስታወቂያውን አሁንም አልረሳውም፦ «ከተማው ከፊትዎ፣ ፓርኩ ከጀርባዎ። ለቤተሰብ፣ ለልደት፣ ለብራይዳል ሻወር።» ሒሳቡን ሥሩት። አክስቴ ዘጠኙን አልጋ ሳምንቱን ሙሉ ሞልታ 6,300 ብር ታገኛለች፣ ቪላው ይህንን በአንድ ቅዳሜ ሌሊት ይሠራዋል። ሰው ዓይን አለው። አንዱ ሰርቪስ ክፍሉን ኖራ ቀባ፣ ሌላው በረንዳውን ዘጋ፣ ሌላው ተከራዩን አስወጣ።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ከእኛ በሦስተኛው ግቢ አንድ አስተማሪ ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር ሰባት ዓመት ኖሯል። በ2015 ዓ.ም. «ዘመድ ሊገባበት ነው» ተብሎ በአንድ ወር ውስጥ ወጣ። በሁለተኛው ሳምንት ክፍሉን ቴሌግራም ላይ አየሁት፤ ግድግዳው ነጭ፣ በመስኮቱ ዙሪያ ትናንሽ መብራት ተንጠልጥሎ፣ «ለጥንዶች» ይላል። ሰውየው አሁን ልጆቹን ለማስተማር ከሌላኛው የከተማ ጫፍ በሁለት ታክሲ ነው የሚመጣው። የኛን ሰፈር ልጆች ማለቴ ነው፣ የራሱ ልጆች ትምህርት ቤት ቀይረዋል።

ከዚያ ሌላው ጣጣ መጣ። ውኃ በፈረቃ ነው፤ ቪላው በፓምፕ ሲስብ የታችኛው ቤት ቧንቧ አየር ይተፋል። የአንዱ ግቢ የመጸዳጃ ጉድጓድ ሞልቶ ወደ ቦዩ ወረደ። ዲጄ መጣ። ጭፈራው እስከ ሌሊት ዘጠኝ፤ እኛ ቤት ደግሞ አሥር ሰዓት ጸበልተኛው ይነሣል፣ ስለዚህ አንዱ ሊተኛ ሲል ሌላው ነቅቶ እርስ በርስ በር ላይ ይገናኛሉ። የስካር ሽታና የዕጣን ሽታ በአንድ ጠባብ ኮሪደር።

ነገሩን ያፈነዳው ግን መኪና ነው። ግንቦት ላይ አንድ ቅዳሜ ማታ የጎረቤት ምራት ምጥ ያዛት። አምቡላንስ መጣ፣ መግባት አልቻለም፤ ሦስት የእንግዳ መኪና መተላለፊያውን ዘግቶታል፣ ባለቤቶቹ የት እንዳሉ አይታወቅም። ወንዶቹ በወንበር ተሸክመው እስከ አስፋልት አወረዷት። ወልዳለች፣ ልጁም ደህና ነው። ሰኞ ዕለት ግን 23 ሰው የፈረመበት አቤቱታ ወረዳ ገባ።

አቤቱታውን አንብቤዋለሁ። ቪላው የሚል ቃል የለበትም። ባለቤቱ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ሐዘን ላይ ቀድመው የሚደርሱ፣ ለእድሩ ድንኳን የገዙ። ማን ስማቸውን ይጻፍ? ስለዚህ «በሰፈራችን በየቤቱ እየተስፋፋ ያለው የቀን አልጋ ኪራይ» ተባለ። ወረዳው አቤቱታውን ይዞ ወጣ። ቴሌግራም ላይ ያለ ቤት ታፔላ የለውም፣ ከውጭ ሲያዩት ቪላ ነው። የቀን አልጋ ኪራይ ፍለጋ የወጣ ሰው ዓይኑ ያረፈበት ብቸኛው ምልክት የአክስቴ ቆርቆሮ ነበር።

ከቢሮ ቢሮ

መጀመሪያ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄድን። «ፔንሲዮን ነው ወይስ ገስት ሀውስ?» አለን ልጁ። አክስቴ «አልጋ ነው» አለችው። ሳቀ፣ ክፉ ልጅ አይደለም። ለማንኛውም የማረፊያ ንግድ ፈቃድ መጀመሪያ የብቃት ማረጋገጫ ያስፈልጋል አለና መራን። የብቃት ማረጋገጫው ጋ ዝርዝር ተሰጠን፤ እንግዳ መቀበያ፣ ለክፍሎቹ ሻወርና መጸዳጃ፣ የእሳት ማጥፊያ፣ ሌላም ሌላም። የእሳት ማጥፊያው ተገቢ ነው፣ ከሰል በሚነድበት ቤት እኔም ራሴ ብዙ ጊዜ ጨቅጭቄያታለሁ። ግን ለአምስት ክፍል አምስት ሻወር ለማሠራት የአክስቴ የብዙ ዓመት ገቢ አይበቃም፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ካርታው ላይ «መኖሪያ» ተብሎ ተጽፏል። በመኖሪያ ይዞታ ላይ የማረፊያ ንግድ ለመክፈት የአጠቃቀም ለውጥ ጠይቁ ተባልን። እሱ ሌላ ቢሮ ነው።

«እንግዲያው ቤት ማከራየት ነው በሉት» ብሎ አንድ ሰው መከረን። ጥሩ ሐሳብ መሰለኝ። ያን ሰሞን የቤቶች ጽሕፈት ቤት በሰው ተጥለቅልቋል። የተወካዮች ምክር ቤት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጁን፣ ቁጥር 1320/2016ን፣ መጋቢት 24 ቀን 2016 ዓ.ም. አጽድቆት ስለነበር አከራይና ተከራይ ውል ሊያስመዘግብ ተሰልፏል። አዋጁ ግልጽ ነው። ውሉ በጽሑፍ ይሆናል፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም፣ ገንዘቡ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈላል። የውሉ ዘመንም ከሁለት ዓመት አያንስም።

ሁለት ዓመት። ወረፋችን ሲደርስ ጠየቅኋት፦ «ለአሥራ አራት ቀን የመጣ ሰው የሁለት ዓመት ውል እንዴት ይፈርማል?» ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። «ወንድሜ፣ ያንን ሲስተሙ አይቀበልም።»

አዋጁን ልነቅፈው አይደለም። አስተማሪው ያኔ ይህ አዋጅ ቢኖርለት ኖሮ በአንድ ወር ጓዙን አይጭንም ነበር። የተጻፈው ለእሱ ነው፣ ለሚኖር ሰው። አክስቴ ቤት የሚመጣው ግን ሊኖር አይደለም፣ ሊድን ነው። ይህ ልዩነት ሕጉ ላይ አዲስ ነገር አይደለም፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም የሆቴል እንግዳን ለብቻ፣ የቤት ኪራይን ለብቻ አስቀምጦታል። ችግሩ በወረዳችን ጠረጴዛዎች ላይ ያሉት ሁለት ሳጥኖች ብቻ መሆናቸው ነው። አንደኛው ሻወር ያለው ፔንሲዮን ነው፣ ሁለተኛው የሁለት ዓመት ተከራይ። ዘጠኝ ፍራሽና አንዲት አሮጊት የሚገቡበት ሳጥን አጣን።

ግብር ቢሮም ያው ጥያቄ ጠበቀን፣ በሌላ ልብስ። በ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ፣ ቁጥር 979፣ የኪራይ ገቢ በሠንጠረዥ «ለ»፣ የንግድ ገቢ በሠንጠረዥ «ሐ» ነው የሚስተናገደው። ያኔ የሁለቱም ጣሪያ 35 በመቶ ነበር፤ ስሌቱ ግን ይለያይ ነበር፣ ለምሳሌ መዝገብ ለማይይዝ አከራይ በ«ለ» ከጠቅላላ ኪራዩ ግማሹ እንደ ወጪ ይያዝለት ነበር። «እርስዎ የትኛው ነዎት?» ተባለች አክስቴ። እሷ ደግሞ መለሰች፦ «ልጄ፣ እኔ የምከፍለውን ንገረኝ እንጂ ፊደሉን ራስህ ምረጠው።» ያ ሰውዬ እስካሁን ሲያየን ይስቃል።

እንዲህ እንዲህ እያልን ሐምሌ ተጋመሰ። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። በፍልሰታ ሱባኤ የሚገባው ሰው ከዓመቱ ሁሉ ይበልጣል፣ ስልኩ መደወል ጀምሯል፣ «እትዬ፣ አልጋዬን ያዢልኝ» የሚል። አክስቴ ደግሞ እሽጉን እያየች «እሺ» ትላለች። እምቢ ማለት አታውቅም።

በዚያው ሰሞን ማታ ማታ ስልኬ ላይ የሌላውን አገር አነብ ነበር። የባርሴሎና ከንቲባ ለቱሪስት የሚከራዩትን 10,101 አፓርታማዎች ፈቃድ እስከ 2021 ዓ.ም. ኅዳር ድረስ ሙሉ በሙሉ እንደሚያስቀሩ ያስታወቁት የአክስቴ ቤት በታሸገበት በዚያው ሰኔ ወር ነው። ምክንያታቸው የኛው አስተማሪ ነው፤ የከተማው ሰው የሚከራየው ቤት አጣ። ኒው ዮርክ ደግሞ በ2015 ማብቂያ ላይ አዲሱን ሕጓን ማስፈጸም ጀመረች። እዚያ ከ30 ቀን በታች የሚያከራይ ሰው መመዝገብ አለበት፣ እንግዳው ሲያድር ባለቤቱም እዚያው ቤት መሆን አለበት፣ እንግዳውም ከሁለት ሰው መብለጥ የለበትም። ይህን ለአክስቴ ሳነብላት በኢንተርኔት ማደሪያ ስለሚያከራየው ኤር ቢ ኤን ቢ ምንም አልገባትም፤ አንዱን ነገር ግን ያዘችው። «ባለቤቱ አብሮ ይደር ነው የሚሉት? ይሄማ ጥሩ ሕግ ነው።»

እኔም ያዝኩት። አክስቴ ቤት ማንም ጠጥቶ አልጮኸም፣ ማንም መኪና አላቆመም፣ ምክንያቱም እሷ እዚያው ናት፣ በሯ የእንግዶቹ በር አጠገብ ነው። ቪላው ውስጥ ግን ባለቤት የለም። ቁልፉን ደላላው ያስረክባል፣ ደላላው ይሄዳል። የሰፈሩ ቁጣ ሁሉ የመጣው ባለቤት ከሌለበት ቤት ነው፤ የተዘጋው ደግሞ ባለቤት ያለበት።

የእድር ቤቱ ስብሰባ

ሐምሌ ውስጥ አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ በእድሩ አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። ከወረዳ አንዲት ወጣት ባለሙያ መጣች። የጤና ኤክስቴንሽኗ መጣች። ደላላውም መጥቶ ከኋላ ቆመ።

መጀመሪያ አንድ ሰውዬ ተነሥተው «በሽተኛ ከልጆቻችን ጋር እየተጋፋ፣ ሳሉ፣ ቲቢው» አሉ። አዳራሹ ጉርምርም አለ። ይህ ቀላል ስጋት አይደለም፣ በጠባብ ክፍል ሁለት የሚያስል ሰው ማስተኛት አደጋ ነው። ኤክስቴንሽኗ ጥሩ መለሰች፦ መስኮት ይከፈት፣ ከሁለት ሳምንት በላይ የሚያስለው መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይታይ፣ መድኃኒት የጀመረ አያቋርጥ። ከዚያ አክስቴ ተነሣች። ልትናገር ያሰበችውን ሁሉ ረስታ «እኔ በሰው ቁስል አልነገድኩም» ብላ ተቀመጠች። እንባዋን ስታብስ አዳራሹ ጸጥ አለ።

ያስተካከሉት የወለደችዋ ልጅ አማት ናቸው። በተቀመጡበት ነው የተናገሩት። «አልጋውን ማን ጠላው? እኛ ያልነው መኪናውን ነው። እሷን ማን አሽጉ አላችሁ?» የቪላው ባለቤት ከፊት ወንበር ላይ ነበሩ። ሰው ሁሉ መሬት መሬቱን አየ። ረጅም ዝምታ ነበር። በመጨረሻ ራሳቸው ጉሮሯቸውን ጠርገው «መኪናው የኔ ቤት እንግዳ ነበር» አሉ። ለዚህ ለዚህ አከብራቸዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ወሬው ሥራ ላይ ወደቀ። የወረዳዋ ልጅ እንዲህ አለች፦ «እናቴ፣ ፈቃድ መስጠት አልችልም፣ ሥልጣኔ አይደለም። መዝገብ ግን መቀበል እችላለሁ።» ከስብሰባው የወጣው ሁሉ ከዚህች ዓረፍተ ነገር ነው የተመዘዘው። የሚያሳድር ቤት ሁሉ መዝገብ ይይዛል፤ የእንግዳው ስም፣ የመታወቂያው ቅጂ፣ የገባበት ቀን፣ ክፉ ቀን ቢመጣ የሚደወልለት ዘመድ ስልክ። ቅጂው በየሳምንቱ ለኮሚኒቲ ፖሊሱ ይሰጣል። አልጋ ከተመዘገበው ቁጥር አይጨምርም። ባለቤቱ ወይም ወኪሉ እዚያው ግቢ ያድራል፣ ይህንን ነጥብ ያነሣሁት እኔ ነኝ፣ ከኒው ዮርክ መሆኑን ግን አልተናገርኩም። ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ሙዚቃ የለም። መኪና ግቢ ውስጥ ወይም አስፋልት ዳር ብቻ። ጉድጓድ ሞላ ሲባል የሚመጥጠው መኪና በሳምንት ውስጥ ይጠራል፣ ደረሰኙ ለእድሩ ይታያል።

ይህ ሕግ አይደለም። ቃለ ጉባኤ ነው። ግን ወረዳው ማኅተም አደረገበትና የአክስቴ እሽግ ሐምሌ 28 ተነሣ። ፍልሰታ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር። ታፔላውን አልመለሱልንም።

ከዚያ ወዲህ

ከሁሉ በፊት መዝገቡ። አክስቴ ማንበብ ትችላለች፣ መጻፍ ያስቸግራታል፤ ስለዚህ እንግዶቹ ራሳቸው ይጽፋሉ። ጥር 2017 ዓ.ም. ላይ አንድ ስድሳ ዓመት ገደማ የሆናቸው ሰው ሌሊት በእንቅልፋቸው አረፉ። ብቻቸውን ነበር የመጡት። መዝገቡ ላይ የወንድማቸው ስልክ አለ። ፖሊስ መጣ፣ መታወቂያውን አየ፣ ተደወለ፣ ወንድምየው በማግሥቱ ደርሶ አስከሬኑን ወደ አገራቸው ወሰደ። ከዚያ በፊት፣ መዝገብ ባልነበረበት ጊዜ፣ ሌላ ግቢ ውስጥ አንዲት ሴት አርፋ ዘመድ እስኪገኝ ቀናት ፈጅቷል፤ ባለቤቷም ለምርመራ ስትመላለስ ከረመች። የመዝገቡን ነገር ሲያጣጥሉት የነበሩ ሁሉ ከጥር በኋላ ደብተር ገዙ።

ሁሉም ግን አልገዛም። ከሰፈሩ ግማሽ የሚሆነው የቀበሌ ቤት ነው፣ በ1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ የተወረሰ። የቀበሌ ቤት ለሦስተኛ ወገን ማከራየት ክልክል ነው። እኔ የማውቃቸው ሦስት እናቶች በቀበሌ ቤታቸው ውስጥ መጋረጃ ጋርደው ሁለት ሁለት ጸበልተኛ ያሳድራሉ። ተመዝገቡ ማለት ቤታችሁን ልቀቁ ማለት ነው። እንዴት ይመዘገባሉ? ስለዚህ መዝገቡ የሚያውቀው ካርታ ያለውን ሰው እንግዳ ብቻ ነው፣ ከሁሉ ድሃው ጸበልተኛ የሚያድርበት ቤት አሁንም ከመዝገብ ውጭ ነው። ይህን ለወረዳዋ ልጅ በግል አንሥቼላት ነበር። «እሱን አልሰማሁም» አለችኝ። በደግነት ነው ያለችው።

ቪላውስ? ሁለት ወር ያህል ጸጥ አለ፣ ጥቅምት ላይ ዲጄው ተመለሰ። እድሩ ሽማግሌ ላከ። ባለቤቱ በዚህ ተማረሩና መንገዱን በሙሉ ሄዱበት፤ የአጠቃቀም ለውጥ አስጠየቁ፣ ሻወር ጨመሩ፣ መቀበያ ሠሩ፣ አጥሩን አፍርሰው አራት መኪና የሚያቆም ቦታ አወጡ። አሁን በደንብ ፈቃድ ያለው ገስት ሀውስ ነው፣ ጥበቃ አለው፣ ደረሰኝ ይቆርጣል፣ እውነቱን ለመናገር አይረብሽም። ደንቡ የሚፈልገውን ገንዘብ ያለው ሰው አሟልቶ ሕጋዊ ሆነ። አክስቴ ደግሞ በአንድ ቃለ ጉባኤ ተንጠልጥላ አለች። አዲስ የወረዳ ኃላፊ መጥቶ «ይሄ ምንድነው?» ቢል ሌላ መልስ የለንም።

የ«ለጥንዶቹ» ክፍሎች አንዳንዶቹ ጠፉ። ባለቤት አብሮ ይደር ሲባል ጥንዶቹም አልወደዱትም፣ ባለቤቶቹም። ሁለቱ ወደ መደበኛ ኪራይ ተመለሱ፣ በሁለት ዓመት ውል። አስተማሪው አልተመለሰም፤ ኪራዩ እሱ ይከፍል ከነበረው በላይ ሆኗል።

ግብሩን የሠንጠረዥ «ለ» አድርገው ወሰኑት። አክስቴ ትከፍላለች። ደረሰኙን ከሚካኤል ሥዕል አጠገብ በምስማር ሰቅላዋለች፤ የመጣ እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። አልጋው 150 ብር ገብቷል። «ሲሻልህ ትልካለህ» የሚለው አልቀረም። የእሳት ማጥፊያም ገዝተናል፤ መጀመሪያ ሰሞን የጓዳ በር መደገፊያ አድርጋው ነበር፣ አሁን ግድግዳ ላይ ነው።

ባለፈው ወር ወረዳው አዲስ ፎርም አመጣ፣ በአካባቢው ያሉ ማረፊያዎችን ለመመዝገብ። እንደ ልማዴ ልሞላላት ተቀመጥኩ። «የማረፊያው ዓይነት» ይላል። ሆቴል፣ ፔንሲዮን፣ ገስት ሀውስ፣ የመኖሪያ ቤት ኪራይ። በመጨረሻ «ሌላ ከሆነ ይገለጽ» ይላል፣ ከፊቱ የሁለት ጣት ርዝመት ያላት ነጠብጣብ መስመር አለች። ምን ልበል አልኳት። ሽንኩርት እየላጠች ነበር። «ጸበልተኛ የሚያርፍበት በል» አለችኝ። መስመሩ ላይ አልገባ ብሎ የመጨረሻዎቹን ፊደላት አጥብቤ በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ወደ ታች ጻፍኳቸው። ሳስገባ ሐሙስ ተመለስ ተባልኩ።